በሁለት ጅብራ መካከል

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር

የሴሚስተሩ እረፍት ሲቃረብ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ጥያቄ ያው ነው፦ በአውቶቡስ የሚደረስበት ውጭ አገር የት አለ? ለጎጃም ልጅ የኔ መልስ አልተለወጠም፤ የኬንያ ተራራ። ናይሮቢ ድረስ መድከም የለም፤ ከሞያሌ የሚነሳው አስፋልት ራሱ እግሩ ሥር ያደርሳል። አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ። ጮቄ ተራራ ያልወጣ ተማሪ እዚያ አውቶቡስ ላይ መሳፈር የለበትም። ጅብራን፣ ያን የደጋ ተራራ ግዙፍ ተክል፣ በአገሩ ያላየ ሰው ኬንያ ሄዶ ጅብራ የሚመስል ቢያይ ምኑ ይገርመዋል?

መንገዱ ረጅም ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770፣ ከዚያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ እስከ ተራራው መግቢያ ከ550 በላይ ኪሎ ሜትር። አምስት ቀን ይፈጃል፤ አዳሩም አዲስ አበባ፣ ዲላ፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢትና ናንዩኪ ነው። በአራት ቀን የሚያደርሱ አሉ፤ ግን አንዱን ሌሊት እየነዱ ነው። ከያቤሎ በታች ማታ ከብትና ግመል አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ቀን የሞቀው አስፋልት ይመቻቸዋልና። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ጎማ አይንከባለልም የሚለው በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከሁሉ የሚከብደው ገና ከቤት ሳይርቁ የሚመጣው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መንገዱ ከ2,400 ሜትር በላይ ተነስቶ ወንዙ ዳር ወደ 1,000 ሜትር ይወርድና መልሶ ይወጣል። የነባር ሹፌሮች ሕግ "በምትወጣበት ማርሽ ውረድ" ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣበታል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ ይላላል፣ ከዚያ ቢረግጡትም አይዝም። ሽታው እንደመጣ ዳር ይዞ ማቆም እንጂ "ድልድዩ ጋ እንደርሳለን" አይባልም። በጋለው ጎማ ላይ ውኃ መድፋትም ያው ጥፋት ነው፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ተማሪውን የሚያስመልሰው ጠመዝማዛው ብቻ አይደለም፤ የተዘጋ መስኮትም ነው። "ንፋስ ይመታኛል" የሚል ሰው በየአውቶቡሱ አይጠፋም፣ ክርክሩም አያልቅም። ስለዚህ ገና መናኸሪያ እያሉ የሚያስመልሳቸውን ከፊት፣ ብርድ የሚፈሩትን ከመሃል ማስቀመጥ ነው። ከኋላ ጎማ በስተኋላ ያለው ወንበር በየኩርባው ይወዛወዛልና ለጠንካሮቹ ይተው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ካልተዋጠ ደጀን ላይ ቢውጡት ከንቱ ነው። ሎሚ ማሽተት አይጎዳም፤ ስልክ እያዩ መውረድ ግን ይጎዳል።

እዚያው አንድ ነገር ማሳየት እወዳለሁ። ደጀን ላይ የተጠጣ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑ ጠበቅ ተደርጎ ይያዝ። 303 ሜትሩ የኅዳሴ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ጎኑ ተጨርምቷል፤ ውስጡ ያለው አየር ከስድስት አንድ እጅ ያህል ተጨምቋልና። ጆሮ የሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ጠርሙሱ ይነፋል። ስለ አየር ግፊት ከሚሰጥ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚሠራው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነውና በመነሻው ሳምንት የተከተበ ሰው ሞያሌ ላይ ይቸገራል። ትልቁ ወጥመድ ቀን አጻጻፍ ነው። ጥር 20ን "20/5" ብለን ለማረፊያ ቤት ብንልክ ኬንያዊው ሜይ 20 ብሎ ይይዝልናል፤ እኛ የፈለግነው ግን አብዛኛውን ዓመት ጃንዋሪ 28 ነው። ወሩን በፊደል መጻፍ ይሻላል። ሰዓቱስ? ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ "ሳአ ሞጃ" ሲል ጠዋት 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ደረሰኝና ፕሮግራም ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነው። ቀጠሮ ሲያዙ የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ።

ሞያሌ ላይ አውቶቡስ መቀየር ይሻላል። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ የኛ አውቶቡስ በር ደግሞ በቀኝ። በኛ አውቶቡስ ቢሻገሩ ተማሪው የሚወርደው ጠርዝ ላይ ሳይሆን መኪና በሚመላለስበት መሃል መንገድ ላይ ነው። ሹፌሩም ለመቅደም የፊቱ አይታየውም። የኛው ሹፌርና ረዳቱ ሞያሌ ሆነው የሚጠብቁበት አበል ከማርቆስ ሳይነሱ ይወሰን፤ ያልተወሰነ አበል የመልሱን ጉዞ ኩርፊያ ያደርገዋል። ከተሻገሩ በኋላ መንገድ ሲያቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት ነው፤ ይህን ለ40 ተማሪ 40 ጊዜ መናገር አይበዛም።

ፌስታል ሌላው ጣጣ ነው። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውኃ የያዘ ሃይላንድም አይገባም። የኛ ተማሪ ስንቁን፣ ጫማውን፣ ማስመለሻውን ሳይቀር የሚይዘው በፌስታል ነውና ከሞያሌ በፊት ሻንጣ ይፈተሽ። ለስንቅ የጨርቅ ከረጢት፣ ለማስመለሻ የወረቀት ከረጢት፣ ለውኃ ኮዳ ይያዝ። በቆላው ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ለ40 ሰው 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። 120 ኪሎ ነውና ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ከወለሉ ሥር ይግባ።

ስንቅ ላይ በሶን የሚያህል የለም። ለአንድ ሰው 1 ኪሎ በሶና ግማሽ ኪሎ ቆሎ ካለ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም አይቸገርም። ኬንያ ውስጥ ጊዜሪ የሚባለው የበቆሎና የቦሎቄ ቅቅል ጾም ነው፤ ሲጠይቁ ግን ሥጋ እንዳልገባበት ማረጋገጥ ነው። ሱኩማ ዊኪም ያው ጎመን ነው።

ከኢሲዮሎ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ከናንዩኪ በስተሰሜን የሚገኘው የሲሪሞን በር ወደ 2,650 ሜትር ላይ ስለሆነ የማርቆስ ልጅ አየሩን ከቤቱ ያውቀዋል። ጥርና የካቲት ደረቅ ወቅት በመሆኑ ከኛ እረፍት ጋር ይገጥማል። የፓርኩ ክፍያ በኢንተርኔት አስቀድሞ የሚፈጸም ነው፤ በር ላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቆም ዋጋ የለውም። ከበሩ እስከ ኦልድ ሞሰስ ማረፊያ 9 ኪሎ ሜትር ሲሆን 3,300 ሜትር ላይ ያደርሳል። የሚያሰጋኝ "የደጋ ልጅ ነኝ" ብሎ የሚሮጠው ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ ሻይም እንቅልፍም አይፈታውም፤ መውረድ ብቻ ነው። 5,199 ሜትሩ የባቲያን ጫፍ በገመድ ለሚወጡ ሰዎች ነው፤ ለተማሪ ቡድን አይታሰብም።

ለተማሪው የምሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ጅብራ ያየበትን ከፍታና የተክሉን ቁመት ጮቄ ላይ መዝግቦ፣ የኬንያ ተራራ ላይም እንዲሁ መመዝገብ። የኛው ጅብራ ለብቻው ተገትሮ፣ አንዴ አብቦ ይሞታል። የኬንያው አንደኛው ዘመድ ግን ከመሬት ሥር ከወንድሞቹ ጋር የተያያዘ ነውና ያበበው ሲሞት ሌሎቹ ይቀራሉ። ማረፊያው ያደረ ቡድን ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሽቅብ ቢሄድ፣ ፀሐይ ሳትነካው ይደርስበታል። ቅጠሎቹ እንደ ጽዋ ተደርድረው ውኃ ይይዛሉ፤ ላዩ በረዶ ሠርቷል። በባትሪ ሲያበሩበት ከበረዶው ሥር ያልረጋ ውኃ፣ ከውኃው ሥር ደግሞ ብርዱ ያልነካው ለጋ ቡቃያ ይታያል። በረዶውን በጣት መስበር ክልክል ነው።