ባለቤት ለሌለው ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን በምሠራበት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍሉን ኮምፒውተሮች በዊንዶውስ ፈንታ ወደሚሠራው ነጻ ሥርዓት፣ ወደ ሊኑክስ፣ ያዛወርናቸው ለዊንዶውስ ፈቃድ የሚሆን በጀት ስላልነበረን ነው፤ በነጻ ለገባ ነገር «ተጠያቂው ማን ነው?» የሚል ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

በሊኑክሳችን ስክሪን ላይ መስኮቶቹንና ምናሌዎቹን የሚያሳየው፣ ኬዲኢ የተባለው የነጻ ፕሮግራም ሠሪዎች ስብስብ ያዘጋጀው ኬዲኢ ፕላዝማ፣ ከ6.2 እትሙ ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር፣ መዋጮ የሚጠይቅ አጭር ማሳሰቢያ ያሳያል። ይህ ማሳሰቢያ በንብረት ክፍል ኃላፊያችን ስክሪን ላይ ብቅ ባለ ዕለት፣ የጠዋቱ ውርጭ ሳይለቅ አስጠሩኝ። ጋሼ የመንዝ ሰው ናቸው፤ የጀመሩትን ክርክር ሳይቋጩ አይነሡም።

«ገንዘብ ከፈለጉ መጀመሪያ የእኛን ይሥሩልን» አሉኝ። የእኛ ያሉት ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የመጨረሻውን ረድፍ ቆርጦ የሚያትመውን፣ ከኬዲኢ ያገኘነውን የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው። መዋጮውን የሚሰበስበው ጀርመን አገር የተመዘገበ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሆኑን፣ ገንዘቡም ለሰርቨር፣ ለዓመታዊ ጉባኤና ለጥቂት ቅጥረኞች እንደሚውል፣ ማኅበሩ ግን የትኛው ፕሮግራም እንዲሠራ እንደማያዝዝና እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚኖረው የሚንከባከበው በጎ ፈቃደኛ እስካለ ድረስ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። የእኛው ፕሮግራም ተንከባካቢ ሥራውን ከተወ ቆይቷል፤ የተተካም የለም።

«ልጄ፣ እድር እንኳ ያዋጣ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ይተከልለታል።»

«ጋሼ፣ ይህ መዋጮ የእድርተኛ መብት አያሰጥም።»

«እንግዲያው የዚህን የሞተ ፕሮግራም ለቅሶ የሚደርሰው ማን ነው?»

ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ተረክቦ ሊቀጥለው እንደሚችል ብነግራቸው፣ «ርክክቡ በሞዴል 19 ነው?» ሲሉ በንብረት መረከቢያው ደረሰኝ ጠየቁኝ። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። መዋጮውም፣ ግዢ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ካልቀረበለት አላንቀሳቅስም ስላለ፣ በሐሳብ ቀረ።

በዚህ ፈንታ ቁጥርና ማኅተም ያለው፣ በግርጌው የግልባጭ ዝርዝር የተደረደረበት አቤቱታ ተጻፈ። ወደ እንግሊዝኛ መልሼ፣ የማኅተሙን ስካን አያይዤ፣ ስህተት ወደሚመዘገብበት ቦታ ላክሁት። ከጠበቅሁት በላይ ፈጥኖ አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ ስለ ማኅተሙ ምንም ሳይል፣ ችግሩ በአዲሱ እትምም ይታይ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። አዲሱን እትም ሞክሬው ስለነበር «አዎ፣ ይታያል» ብሎ መመለስ በቂ ነበር። ጋሼ ግን በመሥሪያ ቤቱ ስም የሚወጣ መልስ በማኔጅመንት ታይቶ መጽደቅ አለበት ብለው ከለከሉኝ፤ ስብሰባው ሲራዘም መሐል ገናም ጥምቀትም ገቡ።

በኬዲኢ አሠራር ማብራሪያ የተጠየቀበት የስህተት ጥቆማ 15 ቀን መልስ ካጣ ማስታወሻ ይላክበታል፤ ሌላ 15 ቀን ከጨመረ ደግሞ ችግሩ እንደሌለ ተቆጥሮ ይዘጋል። ሁለቱንም የሚፈጽመው ሮቦት የሚባል፣ ያለ ሰው እጅ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሳይከፈላቸው የሚሠሩ ሰዎች ጊዜያቸውን ከጠፋ ጠያቂ ጋር እንዳያባክኑ የወጣ ደንብ ስለሆነ ሁልጊዜ እደግፈዋለሁ፤ ተንከባካቢ በሌለው ፕሮግራም ላይ ግን ከሥራው የማይቀረው ሮቦቱ ብቻ መሆኑ ትንሽ ያስቃል። የእኛም ጥቆማ ማኔጅመንቱ ሳይሰበሰብ ተዘጋ።

የመዝጊያውን መልእክት ሳነብላቸው ጋሼ «ችግር የለም» ከሚለው ሐረግ በኋላ ያለውን አልሰሙኝም። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት «ከውጭ አገር ድርጅት ጋር በተደረገ መጻጻፍ መፍትሔ ያገኘ» ተብሎ ሰፈረ፤ ሪፖርቱም ተመስግኖ ጸደቀ። የዕቃ ዝርዝሩን አሁን በሊብሬኦፊስ ካልክ፣ በነጻው የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ ይህ ሥራ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ የለም።