የአጎቴ ቀለበት እና የሮቢ አሸዋ

የደብረ ብርሃን ሰው ቆላ ሲወርድ ሁለት ስህተት ይሠራል። ጃኬቱን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ እዚያው ረስቶት ይመለሳል። እኔ በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ሁለቱንም ሠርቻለሁ።

ጉዞው ወደ ሸዋ ሮቢት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ቀለበት። አጎቴ ኅዳር ላይ ሮቢ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ጭኖ የተቀረቀረ አይሱዙ ከሰው ጋር ሲገፋ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ ወልቆ ጠፋ። 22 ዓመት ያልጠፋ ቀለበት። ባለቤቱ እትዬ ለሳምንት ያህል ብዙም አላናገረችው። «አሸዋ ነው የበላው ወይስ ሌላ ሰው?» የሚለው ጥያቄ በቤቱ ውስጥ ሳይጠየቅ ይዞር ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጊዜ ሞክረናል። ከአንድ ወዳጄ የተዋስኩትን ርካሽ የወርቅ ማሽን፣ ያ መሬት ውስጥ ብረት ነገር ሲያገኝ የሚጮኸውን፣ ይዤ ወረድኩ። ደረቁ አሸዋ ላይ ደህና ነበር። እርጥቡ ላይ ስናደርገው ግን እናቱን እንዳጣ ጥጃ ሲጮህ ዋለ። እዚህ ጮኸ ብለን ቆፈርን፣ ምንም። እዚያ ጮኸ ብለን ቆፈርን፣ ውኃ። ወደ ማታ ላይ ዘጋሁትና ለትንኝ እራት ሆኜ ተመለስኩ።

የጥሩ ማሽን ነገር የመጣው ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ነው የሚኖረው። ለጥምቀት ሲመጣ ማይንላብ የሚባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ያወጣውን ኢኩዊኖክስ 800 ማሽን ይዞ መጣ። ለማስገባት ስንት ደብዳቤ እንደጻፈ እሱ ያውቃል። እዚያ ሥራው ሌላ ነው፤ ይሄ የቅዳሜና እሑድ ሱሱ ነው። ሰው ባሕር ሲዋኝ ጣቱ በቅዝቃዜው ይቀጥናል፣ የፀሐይ ቅባቱ ያሟልጨዋል፣ ቀለበቱ ይወርዳል። እሱ ጠዋት ሄዶ ማዕበሉ ያረጠበውን አሸዋ ያስሳል። ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ሲወራ ዝም ብለን እናዳምጣለን፤ እኔም አዳመጥኩ።

መንገዱ 95 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ የማሽኑን ሻንጣ አይቶ «ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል» አለ። እሺ ብለን የአንድ ሰው ከፈልን። ጣርማ በር ሳንደርስ እዚያው ቦታ ላይ አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዋ አስቀመጠብን። ሻንጣው እግራችን ላይ ሄደ። እስካሁን የሚያናድደኝ ገንዘቡ ሳይሆን ዶሮዋ በነፃ መሄዷ ነው።

ጣልያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጭጋግ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፣ ተኝቻለሁ። የነቃሁት ኬላ ላይ ነው። ፖሊሱ ሻንጣውን አስከፈተና «ምንድነው ይሄ?» አለ። የአጎታችንን ቀለበት ልንፈልግ ነው አልነው። ዝም ብሎ አየን። «እስቲ አስጩኸው።» የአክስቴ ልጅ አብርቶ ወደ ፖሊሱ ቀበቶ ጠጋ ሲያደርገው ማሽኑ ተንጫጫ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀና «ካገኛችሁት ስትመለሱ አሳዩኝ» ብሎ ለቀቀን። ጥሩ ሰው ነበር።

ሌሊቱን ግን አልረሳውም። አጎቴ ቤት ሌሎች እንግዶች ስለነበሩ በ250 ብር አልጋ ያዝን። አጎበሩ ላይ ጡጫ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ቬንትሌተሩ እስከ አምስት ሰዓት ሠራ፣ ከዚያ መብራት ሄደ። ከመንገድ ማዶ ሠርግ አለ፤ የእነሱ ጀነሬተር አይጠፋም። የቤቴ ከፍታ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ልዩነቱን በላብ ለካሁት። እኛ ጋ ብርዱ ይነክሳል፣ ግን አይበርም።

ጠዋት ባጃጁ ወንዙ ድረስ 150 ብር አስከፈለን። አጎቴ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ስንት እንደከፈልን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

ጥር ላይ ሮቢ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ። ጫኞቹ በአካፋና በወንፊት ይሠራሉ። የአክስቴ ልጅ ማሽኑን ሳያበራ ከኪሱ በሲባጎ የታሰረ ማግኔት አወጣ፤ ከተበላሸ ስፒከር የተፈታ። እርጥቡ አሸዋ ላይ ሁለት ጊዜ ጎተተውና አነሳው። ማግኔቱ ጺም አብቅሏል። ጥቁር፣ የተንጨፈረረ፣ ደቃቅ። «ያኛው ማሽን የጮኸው ለዚህ ነው» አለ። ከላይ ከደጋው ጥቁር ድንጋይ እየተፈረፈረ የሚወርድ ብረት ያለው አሸዋ ነው። ባሕር ላይ ጠላቱ ጨው ነው፤ ጨዋማ ውኃ ያረጠበው አሸዋ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ማሽኑም ብረት ይመስለዋል። እዚህ ጨው የለም፤ ብረቱ ራሱ አለ። ርካሹ ማሽን የሚልከው አንድ ዓይነት ሞገድ ነው፤ መሬቱንና ቀለበቱን መለየት ያቅተዋል። የእሱ ብዙ ዓይነት በአንዴ ይልካል፣ መልሶቹን ያወዳድርና የመሬቱን ድምፅ ይቀንሰዋል።

የማሽኑን ክብ ሳህን መሬቱ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ከአሸዋው ጋር አስተዋወቀው። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ረገበ። ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ ታኅሣሥን ሙሉ አስረሳኝ።

ጥሩ ማሽን ሌላ ጥቅም አለው፤ ያገኘው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ቁጥር ይሰጣል። «የወርቅ ቀለበት ብዙ ጊዜ ከ20 በታች ነው» አለ የአክስቴ ልጅ። «ችግሩ የሲጋራ ፎይልም እዚያው ነው፣ የቆርቆሮ ቢራ መክፈቻ ቀለበትም እዚያው ነው። እነሱን ሁሉ እንቆፍራለን። ከ20 በላይ ያለውን እንለፈው።» ከላይ ያለውን መጀመሪያ ሞክረነው ነበር። አንዱ የዛገ ቆርኪ ነበር። አንዱ የ1969 አሥር ሳንቲም፣ አጋዘኑ ገና ያልጠፋ። ስለዚህ ተስማማን፣ ዝቅ ዝቅ ያለውን ብቻ።

እርጥብ አሸዋ መቆፈር ራሱን የቻለ ንዴት ነው። አንድ አካፋ ታወጣለህ፣ ሁለት አካፋ ተንዶ ይገባል። ፐርዝ ላይ የተበሳሳ ጭልፋ የሚመስል አካፋ አላቸው። እኛ ከጫኞቹ ወንፊት ተዋስን፤ ሁለቱ ልጆች ሥራቸውን ትተው ያነፉልን ጀመር። ገንዘብ ስንሰጣቸው ሻይ ብቻ አሉ።

ሰው እየበዛ መጣ። ማንም ቀለበት እንደምንፈልግ አላመነም። የጣልያን ወርቅ ነው የምንፈልገው፤ አለቀ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔ ማሳ ዳር ሳጥን አለ። አባቴ ሲቀበር አይቷል» አሉኝ። የአክስቴ ልጅ ዓይን ሲበራ አየሁ። አዋጅ 209/1992ን ነገርኩት፤ የጥንት ነገር ፍለጋ መቆፈር ፈቃድ ይፈልጋል፣ ሳይታሰብ የተገኘውም ለሚመለከተው መነገር አለበት። ዓይኑ ጠፋ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። «እንግዲያውስ ማሽኑ እውነተኛ መሆኑን ልየው» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ። ጠገራ ብር። 1780 ይላል፤ እኛ አገር የሚታየው ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ነው፣ ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት፤ በኋላ የተመታውም ያንኑ ይዞ ነው የወጣው። ጠርዙ በጣት ብዛት ለስልሷል። ማግኔቱ አልነካውም። አሸዋው ላይ አስቀመጡት፣ ማሽኑ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ፤ 37።

«አየህ፣ ብር ሲሆን ከፍ ይላል» አለ የአክስቴ ልጅ።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ወሬ ቀነሰ። እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፎይል፣ የመድኃኒት ማሸጊያና አንድ የዚፕ ራስ ሰበሰብን። ሳህኑ አልፎ አልፎ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ እናልፈዋለን። አንዱ ቦታ ላይ 27 አለ፤ ጥርት ያለ፣ ከየትም አቅጣጫ ቢሄዱበት የማይዋዥቅ። አለፍነው። አጎቴ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት አሸዋውን ሲጭር ነበር። ቀና ሳይል «ይቺን የምትዘሏትንስ?» አለ።

«ጋሼ፣ ወርቅ እዚህ ቁጥር ላይ አይወጣም።»

«ግድ የለም፣ ቆፍሯት።»

አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ነበር፤ እግርና ጎማ ሲረግጡት እየሰመጠ ሄዷል። ሁለተኛው ወንፊት ላይ ውኃው ሲወርድ ቀረ። ቀለበት። የአክስቴ ልጅ ቀለበቱን አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ አጎቴን አየ። ውስጡ ላይ ወርቅ ቅቡ ተልጦ ነጩ ብር ይታያል። ያኔ ትዝ አለኝ። አጎቴ በየጊዜው ቀለበቱን ደብረ ብርሃን ወዳለ አንጥረኛ «ለማስወልወል» ይልክ ነበር። አንዴ እኔው ራሴ ይዤለት ሄጃለሁ።

አጎቴ ተቀብሎ በሸሚዙ ጠራረገው፣ ጣቱ ላይ አጠለቀው። «በሉ እንሂድ፣ ምሳው ቀዝቅዟል» አለ።

እትዬ እልል አለች። እጁን ይዛ ቀለበቱን ሳመችው። «ወርቅ እኮ መሬት አይበላውም!» አለች ለጎረቤቶቹ። እኔና የአክስቴ ልጅ እንጀራችን ላይ አቀርቅረን በላን። ዶሮ ወጥ ነበር፣ ጥሩ ነበር፤ ቀና ብዬ ግን አልበላሁም።

ማታ ፓፓያ በፌስታል ስታስይዘን ጓዳ ጠራችን። «ይሄ ማሽናችሁ ወርቅና ብር ይለያል አሉ። እውነት ነው?»

የአክስቴ ልጅ ተንተባተበ። «አንዳንዴ ይሳሳታል፣ እትዬ።»

«አዬ ልጄ» አለች እየሳቀች፣ የፌስታሉን አፍ እየቋጠረች። «22 ዓመት ልብሱንም እጁንም ያጠብኩት እኔ ነኝ። ማሽን ያስፈልገኛል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለእሱ እንዳትነግሩት።»

አጎቴ ውጭ ቆሞ ባጃጅ እየጠራልን ነበር። 20 ብር።