ፕሪንስን ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ጅማ ላይ ጨረስነው

ድሮ እቤት የነበረውን ኮምፒውተር ፈትቼ፣ ውስጡ ያለውን ገልብጬ፣ ፕሪንስን (ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም) ከታላቅ እህቴ ጋር እስከ መጨረሻው እንደተጫወትነው የሰማ ጓደኛ ሁሉ «እንዴት አድርገህ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈው። የቴክኒኩን ነገር እነግራችኋለሁ። ትልቁ ነገር ግን ጌሙ ከተገኘ በኋላ እንዴት ትጫወቱታላችሁ የሚለው ነው፤ እሱ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ።

ኮምፒውተሩን አባባ የገዙት በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ የቡና ሂሳብ ሊይዙበት። ፔንቲየም ነው፣ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት። ሳሎን ጥግ ላይ ከስታቢላይዘሩ አጠገብ ተቀምጦ እማማ የሠሩትን ዳንቴል ይለብስ ነበር። ዳንቴሉ ታጥፎ ሶፋው ላይ ሳይቀመጥ ማብራት አይቻልም። ወንበሩ የአባባ ነው። እኔና እህቴ (እታለም ነው የምላት) የምንቀመጠው የጅማ በርጩማ ላይ ነበር፣ ባለ ሦስት እግሯ ላይ፣ እና በርጩማዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ኪቦርዱ አገጬ ጋ ይደርሳል፤ ቀስቶቹን የምጫነው እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ነው።

ጌም የሚመጣው በፍሎፒ ነው፣ በያቺ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዲስክ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997 እ.ኤ.አ. ቢሆንም እኛ ሰፈር ጌም የሚያወርድ ሰው አልነበረም። ፍሎፒው በደብተር መሃል ተደርጎ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ፣ የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ ብዙ ጊዜ አይገባበትም። ዴቭ ግን ይገባበታል፤ ያ ዋንጫውን ካልወሰዳችሁ በሩ የማይከፈትላችሁ ጌም። ዲገርም ይገባበታል። ፕሪንስም።

ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያን የሠራው ጆርዳን ሜክነር የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አፕል ቱ ለሚባል ኮምፒውተር ወጣ፣ የኛው የዶሱ (ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ሲስተም የተሠራው) በሚቀጥለው ዓመት። ሰውየው ታናሽ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀርጾ፣ ያንን በየምስሉ እያየ ነው የጌሙን ጀግና፣ ልዑሉን የሳለው። ለዚህ ነው ልዑሉ እንደዚያ የእውነት ሰው የሚመስለው። እየሮጠ ቁም ብትሉት ወዲያው አይቆምም፤ ትንሽ ተንሸራቶ ነው፣ አንዳንዴም ገደል ውስጥ። ልዕልቷን ለማዳን ያላችሁ 60 ደቂቃ ነው። የእውነት ደቂቃ። ብትሞቱ ስቴጁ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ያለፈው ሰዓት ግን አይመለስም።

የኛ ኮፒ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። አንደኛውን ስቴጅ ስትጨርሱ ብልቃጥ የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ትገባላችሁ፤ በየብልቃጡ ላይ ፊደል አለ። ከመመሪያ መጽሐፉ ይህን ያህልኛው ገጽ፣ ይህን ያህልኛው መስመር፣ ይህን ያህልኛው ቃል የሚጀምርበትን ፊደል ጠጡ ይላል። መጽሐፉን አይተነው አናውቅም። ከተሳሳታችሁ ጉልበታችሁ ይቀንሳል፣ ካገኛችሁት በሩ ይከፈታል። እታለም አንድ ደብተር አወጣችና ገጹን፣ መስመሩን፣ ቃሉን፣ የተሳካውን ፊደል መመዝገብ ጀመረች። ያኔ እንግሊዝኛችን ገና ነው፣ ጥያቄው ምን እንደሚል እንኳ በደንብ አልገባንም። ቁጥሮቹን ብቻ እያየን ቀስ በቀስ የራሳችንን መልስ ሠራን። እስካሁን በእህቴ የምኮራበት ነገር ነው።

በዚያ ላይ መብራት ይሄዳል። ፕሪንስ ሴቭ የሚያደርገው ከሦስተኛው ስቴጅ ጀምሮ ነው፣ ኮንትሮልና ጂ። ከዚያ በፊት መብራት ከሄደ ሁሉም ዜሮ። የመጨረሻው ስቴጅ ላይ ደርሰን ነበር፣ እዚያ ተቀርቅረን ቀረን። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሥራ፣ ኮምፒውተሩም ዕቃ ቤት ገባ።

ጥር ላይ ለጥምቀት ጅማ ስሄድ አወጣሁት። ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ማሽን ካላችሁ መጀመሪያ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ክፈቱት፣ አቧራውን በቀጭን ብሩሽ አውጡ፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ጫፉ ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ካፓሲተር፣ ያ ትንሽ ጣሳ የሚመስለው፣ ካለ እዩ። ሃርድ ዲስኩን ንቀሉና ቅድሚያ እሱን ገልብጡ። ከአይዲኢ (የድሮ ዲስኮች መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ይሸጣል፤ ስትገዙ የራሱ ቻርጀር ያለውን ምረጡ፣ ምክንያቱም ትልቁ ዲስክ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ዩኤስቢው የሚሰጠው 5 ነው። የኛ ዲስክ ለሁለት ሰከንድ ያህል አጉረመረመና ተከፈተ። የአባባ የቡና ሂሳብ፣ የእታለም የትምህርት ቤት ግጥም፣ ዴቭ፣ ፕሪንስ፣ ሁሉም አለ። አባባ ከጌሙ በፊት ሂሳቡን ነው የጠየቁኝ፤ ኪሎ በኪሎ ሲያነቡት አመሹ።

ማሽኑን ራሱን ለማስነሳት የቀየርኩት ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ብቻ ነው፣ ሲአር2032 የምትባለዋን። ከጀርባው ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 230 ላይ መሆኑን አይታችሁ ነው መሰካት ያለባችሁ። ሞኒተሩን ደግሞ በፍጹም አትክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የኛው በራ፣ ቀለሙ ግን ወደ አረንጓዴ አድልቷል። የተነሳ ጊዜ ደስ ብሎኛል። ለመጫወት ግን ማሽኑ አያስፈልጋችሁም። ላፕቶፕ ላይ ዶስቦክስ ጫኑ፣ የድሮ የዶስ ጌሞችን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው፣ ጌሙ ያለበትን ፎልደር አሳዩት፣ በቃ። ከፈጠነባችሁ ኮንትሮልና ኤፍ11፣ ከዘገየ ኮንትሮልና ኤፍ12።

አሁን ወደ አቋሜ። በፈቃደኞች የተሠራ ኤስዲኤልፖፕ የሚባል አዲስ የፕሪንስ ቅጂ አለ፤ ሥራው እጅግ ጥሩ ነው፣ አከብራቸዋለሁ። ኤፍ6 ስትጫኑ ያላችሁበትን ቦታ ይይዛል፣ ኤፍ9 ወደዚያው ይመልሳችኋል። በሱ ሞከርኩት። ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት ኤፍ6። በአንድ ምሽት ብዙ ስቴጅ ሄድኩ፣ ምንም አልተሰማኝም። ድሮ ከወለሉ በሚወጣው ሾተል በላይ ስንዘል ልባችን ይመታ የነበረው የምናጣው ነገር ስለነበረን ነው፤ ሰዓቱ፣ ተራው፣ መብራቱ። ያንን አውጥታችሁት የምትጫወቱት ጌም ሌላ ጌም ነው።

ስለዚህ ከእታለም ጋር በድሮው ሕግ ተስማማን። የዶሱን፣ በዶስቦክስ። ሴቭ በኮንትሮልና ጂ ብቻ። የሞተ ተራ ይለቃል። ኢንተርኔት ላይ መፍትሄ መፈለግ የለም። ብልቃጡ ክፍል ስንደርስ «መመሪያው እኮ ስካን ተደርጎ ይገኛል፣ ላውርደው?» ብላት «አንተ፣ ደብተር አምጣ!» አለችኝ። የድሮው ጠፍቷል፣ እንደ አዲስ ጀመርን። እጇ ግን ምንም አልረሳም። ሦስተኛው ስቴጅ ላይ አጽሙ ሲነሳ እኔ ደንግጬ ሳፈገፍግ እሷ ከጎኔ ሆና «ወደ ገደሉ ግፋው!» ትላለች።

ፕሪንስን ወደፊት የምትጫወቱ ካላችሁ የሚቀጥለውን አንቀጽ እለፉት።

የተቀረቀርንበት ቦታ አስራ ሁለተኛው ስቴጅ ነው። ቀደም ባለ ስቴጅ ከመስታወት የወጣው የራሳችሁ ጥላ ሰይፍ መዝዞ መንገድ ይዘጋል። በልጅነታችን ደጋግመን ገጠምነው፣ ሁሌ እንሞታለን። አሁን ግን እታለም ቀስቶቹን ለቀቀችና ከታች ያሉትን፣ ጉልበት የሚያሳዩትን ቀይ ምልክቶች ዝም ብላ አየች። «እሱን ስመታው እኮ የኔም ይቀንሳል» አለች። ሰይፏን ወደ አፎቱ መለሰች። ጥላውም መለሰ። ሄዳ ገባችበት፣ አንድ ሆኑ። እኔ ከበርጩማው ተነስቼ ጮህኩ፣ እማማ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ ልጆች!» እያሉ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ያለው ፍልሚያ ከባድ ነው፣ ግን ሰዓት ነበረን። ይህንን ከኢንተርኔት አንብቤው ቢሆን ኖሮ እታለምን እንደዚያ አላያትም ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ፍሎፒዎቹ። የጅማ ዝናብ ታውቁታላችሁ። ዕቃ ቤት የነበሩት አብዛኞቹ ሻጋታ ይዘዋል፤ የብረት መዝጊያዋን ገፋ አድርጋችሁ ውስጡን ስታዩ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ድራይቩ ውስጥ አትክተቱት፣ ማንበቢያውን ያበላሻል፣ ሻጋታውንም ወደ ሌሎቹ ያዛምታል። የዲገራችን እንደዚያ ሆኖ አልተነበበም። እናንተ ቤት ካለ፣ ሐምሌ ሳይገባ አስገልብጡት። ጅማ ያላችሁ ደግሞ እኛ ቤት የሚሠራ ድራይቭ አለ፤ እታለም አሁን ዴቭን ይዛለች፣ ዲገር ያለው ሰው ከመጣ ቡና ታፈላለታለች።