የመጀመሪያው ቻርጀሬ ቡና ይቆላ ነበር

አዘዞ ቤታችን በር ላይ የምትቆመው ባለ ሦስት ጎማ ባጃጃችን ነዳጅ አትጠጣም፤ አምስት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው 60 ቮልት ይሰጧታል። አብሯት የመጣው ቻርጀር ሲቃጠል ሌላ ከመግዛት ራሴ ልሥራው አልሁ።

የመጀመሪያው ቀላል ነበር። 220 ቮልቱን ወደ 60 የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ ፍሰቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮዶች፣ ቮልቱን የሚያረጋጋ ካፓሲተርና ፍሰቱን የሚቆጣጠር ትራንዚስተር። ሠራ። ይሁን እንጂ የትራንዚስተሩ ማቀዝቀዣ እንደ ምጣድ ጋለ። እናቴ እጇን ጠጋ አድርጋ «ቡናዬን እዚህ ላይ ልቁላው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ማታ ሒሳቡን ስሠራው ግን ሳቄ ጠፋ። ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ተለዋዋጩ 60 ቮልት ጫፍ ስለሆነ ከእሱ 80 ቮልት ያህል ይወጣል፣ ባትሪዎቹ 63 ላይ ናቸው፣ 8 አምፔር ይፈስሳል። ልዩነቱ 17 ቮልት በ8 ሲባዛ 136 ዋት ነው፤ ሁሉም ለሙቀት። ትራንስፎርመሩ የሚያባክነው ሲታከልበት ከሶኬቱ 700 ዋት ያህል እየወሰድሁ ባትሪዎቹ የሚያገኙት 504 ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ትራንዚስተሩ ትርፉን ቮልት ከሚያቃጥል በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ እንዲከፈትና እንዲዘጋ፣ የመዳብ ጥቅል ደግሞ ፍሰቱን እንዲያለዝብ አደረግሁ። መከራዬን ያየሁት እዚህ ነው። ጥቅሉን በአሮጌ ትራንስፎርመር ብረት ላይ ጠመጠምሁት፤ በ50 ኸርዝ ጨዋ የነበረው ብረት በ40 ሺህ ራሱ ምድጃ ሆነ። ለእንዲህ ያለ ፍጥነት በሚስማማው ሸክላ መሰል መግነጢሳዊ ቁስ፣ በፌራይት ተካሁት፤ በመግነጢስ እንዳይጠግብም በሁለቱ ግማሾቹ መካከል ወረቀት አስገባሁ። ለመብራት ኃይል የተሠራው ተራ ዳዮድም ቶሎ መዝጋት ስለማይችል በጭስ ተሰናበተኝ። ፈጣኑን ዳዮድ ከገዛሁ በኋላ ነው እፎይ ያልሁት።

አንድ ወዳጄ «ትራንስፎርመሩንም አውጣው፤ እሱም ይበላሃል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ዛሬም ትልቁ ብክነቴ እዚያው ነው። እሱ ከወጣ ግን ባትሪዎቹንና 220 ቮልቱን የሚለያያቸው ነገር አይኖርም። የሰፈሩ ልጆች በየቀኑ የሚንጠላጠሉባት ባጃጅ ናት። ተውሁት።

ቻርጀሩ 72 ቮልት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ባትሪ 14.4፣ ሲደርስ እዚያው ይቆምና ፍሰቱ ቀስ በቀስ እንዲሳሳ ይተወዋል፤ ከዚያ ወደ 68 ይወርዳል። ይህን ከማስተካከሌ በፊት አንድ ሌሊት ሙሉ ረስቼው ባትሪዎቹ ሲንጨረጨሩ አድረዋል፤ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ አሁን የምሞላው ደጅ ነው።

ለዚያው 504 ዋት ዛሬ ሶኬቱ ላይ የምለካው 580 ነው። እናቴ አልፎ አልፎ ሳጥኑን ትዳስሰዋለች፤ ለብ ብሎ ታገኘዋለች።