የሲዬና ማዘጋጃ ቤትና አንዲት ገመድ

ዛሬ ጣሊያን፣ ሲዬና ውዬ ገባሁ። እግሬ ዝሏል፣ ልቤ ግን ፓላዞ ፑብሊኮ ቀርቷል። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1297 ነው። ዛሬም የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ነው! ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ቀይ ጡብ።

ያኔ ከተማዋን ዘጠኝ ሰዎች ይመሩ ነበር። ሥልጣናቸው ሁለት ወር ብቻ። ሁለቱንም ወር እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ፤ እንደልብ ወጥቶ መግባት የለም። ይሄ በጣም ነው የገረመኝ።

በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና 1339 መልካምና ክፉ አስተዳደርን ሥሏል። አንዱ ጋ ስደርስ ፈዝዤ ቀረሁ። ከፍትሕ ሚዛን ገመድ ይወርዳል። ስምምነት የምትባለው ሴት ትቀበለዋለች፤ ጭኗ ላይ የአናጢ መላጊያ አለ፣ ሻካራውን የምታስተካክልበት። ከእሷ ወስደው 24 ዜጎች ተሰልፈው ይዘውታል። ዜጎቹ አልታሰሩበትም፣ በእጃቸው ነው የያዙት። "ድር ቢያብር" የምንለውን ሠዓሊው የሰማ ነው የሚመስለው።

በ1348 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን አራቆታት። በሥዕሉ ውስጥ ግን ጫማ ሠሪው ሱቁ ውስጥ ነው፣ አህዮቹ ጭነታቸውን ይዘዋል፣ ከላይ ግንበኞቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።