የወረፋ ንዴት

ከሐሙስ ጀምሮ ደብሮኛል። ለምን ብባል መልስ የለኝም። የታመመ ሰው የለም፣ ሥራ ቦታም ሰላም ነው። ዝም ብሎ ድብር። እማዬ «ቡና ስላልጠጣሽ ነው» ትላለች። ለእሷ ሁሉም ነገር ቡና ስላልጠጣሁ ነው።

ምናልባት ከዚያ ቢሮ ይዤው የመጣሁት ይሆናል። ሐሙስ ጠዋት እማዬን ለህክምና መድኗ ጉዳይ ይዣት ሄጄ ነበር። ቁጥር ወሰድን፣ ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት እንደሚቻል የሚናገር ወረቀት በብዙ ቋንቋ ተለጥፏል። ስፓኒሽ አለ፣ ቬትናምኛ አለ፣ ኮሪያኛ አለ። ወደ ታች ስወርድ የእኛን ፊደል ያየሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው አርመንኛ ነው። አርመኖች በዚህ ፊደላቸው ስንቴ እንደሸወዱኝ!

ከእኛ በኋላ የመጡ ሰዎች እየተጠሩ ገቡ። በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሠራተኛ አለ። እኛ የስልክ አስተርጓሚ እስኪገኝ ጠብቁ ተባልን። እኔ ልተርጉምላት ብል ቤተሰብ አይተረጉምም አሉኝ። አንድ ሰዓት ተኩል። እዚያ ቁጭ ብዬ ያሰብኩትን ለመጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ማስታወሻዬ አይደል? አንዲት ሴትዮ ሦስት ልጆች ይዛ መስኮቱ ጋ ስትቆም አየሁና «ለመሆኑ ይቺ የመኖሪያ ወረቀት አላት?» አልኩ። በልቤ ነው። ግን አልኩ።

በመጨረሻ አስተርጓሚዋ በስልክ መጣች። ሠራተኛዋ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። እማዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «እንደምን አደርሽ የኔ ልጅ፣ የየት አገር ልጅ ነሽ?» አለች። ልጅቷ ጭንቅ ብሏት «እማማ፣ እኔ የሚባለውን ብቻ ነው የምተረጉመው» አለች። ሠራተኛዋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷም ያንኑ የየት አገር ልጅ ነሽን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችላት። ሠራተኛዋ «ከዳውኒ» ብላ መለሰች፤ እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው ከተማ። እማዬ ዳውኒ ጎጃም ነው ወሎ ብላ ልትጠይቅ ስትል እጇን ያዝኳት።

ማታ ይህንን ለጋሼ በስልክ አወራሁላቸው። እዚህ ሎስ አንጀለስ ከሰላሳ ዓመት በላይ የኖሩ፣ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። «አንቺ እንዲህ ተናደሽ ወጣሽ። ባርባራ ኮ» አሉኝ። ቀጥሎ ምን ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ባርባራ ኮ… ምን ሆነች?» አልኳቸው። ለካ ስሟ ነው። እኛ የዓረፍተ ነገር ጅራት ላይ የምንለጥፋት «ኮ» የሴትዮዋ የቤተሰብ ስም ናት።

ይኸው ከዚያ ወዲያ ስለዚህች ሴትዮ ሳነብ ሦስት ሌሊት አመሸሁ።

ባርባራ ኮ እዚሁ ካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ ፖሊስ ቢሮ የምትሠራ ሲቪል ሠራተኛ ነበረች። እሷ ለጋዜጠኞች ደጋግማ እንደተናገረችው ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1991 አካባቢ፣ በዕድሜ የገፋ ወዳጇን ይዛ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ወዳለ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ በሄደችበት ቀን ነው። አዳራሹ ሞልቷል። በየመስኮቱ እንግሊዝኛ ያልሆነ ቋንቋ ይወራል። ወዳጇ የፈለገውን እርዳታ አላገኘም። ሴትዮዋ ተናዳ ወጣች።

ይህንን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ሽማግሌ ይዞ መሄዱ፣ መስኮቱ፣ ቋንቋው፣ ሁሉም የእኔው ሐሙስ ነው። ልዩነታችን እሷ የሰው ቋንቋ በዛ ብላ ተናደደች፣ እኔ የእኔ ቋንቋ የለም ብዬ።

እኔ ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። እሷ ግን ድርጅት አቋቋመች። ጡረታ ከወጣ የድንበር ጠባቂ ሹም ጋር ሆና ጀመረች። ያ ነገር አድጎ የካሊፎርኒያ የኢሚግሬሽን ሪፎርም ጥምረት ተባለ፤ መቀመጫው ሀንቲንግተን ቢች የምትባል ከተማ። በ1993 እሷና ሮን ፕሪንስ የሚባል የሒሳብ ባለሙያ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተቀምጠው አንድ ሕግ አረቀቁ። አጠገባቸው አለን ኔልሰንና ሃሮልድ ኢዝል ነበሩ፤ ሁለቱም በሬገን ዘመን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣናት የነበሩ። እንግዲህ የተናደደ ሰውና ሕግ የሚያውቅ ሰው ሲገናኙ ነው ነገር የሚመጣው።

ወቅቱም አገዛቸው። የካሊፎርኒያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያልቅ ሠራተኛ እያባረሩ ነበር። አገረ ገዥው ፒት ዊልሰን በሕዝብ አስተያየት ከተቀናቃኛቸው ከሃያ ነጥብ በላይ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ይህችን ንዴት ሲያገኙ አልለቀቋትም። ሰዎች ድንበር ላይ በመኪና መሃል ሲሮጡ የሚያሳይ ማስታወቂያ አሠሩ፤ «መምጣታቸውን አላቆሙም» የሚል ድምፅ ያለው። ተሳካላቸውም፤ አሸነፉ።

ረቂቁ ፕሮፖዚሽን 187 ተባለ፤ ፊርማ ተሰብስቦለት ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብ ሕግ ማለት ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ መንግሥት ትምህርት ቤት አይማርም። ወረቀት የሌለው ሰው ድንገተኛ ካልሆነ በመንግሥት ገንዘብ አይታከምም። የሚገርመኝ ግን ይሄ አይደለም። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ የጠረጠሩትን ሰው ለመንግሥት እንዲጠቁሙ ያዛል። የጠረጠሩትን! ያቺ ከዳውኒ የመጣችው ሴትዮ እማዬን ቀና ብላ አይታ ልትጠረጥር ማለት ነው። እኔ ሐሙስ ዕለት በነጻ የሠራሁት ሥራ ነው እሱ።

በኖቬምበር 8፣ 1994 መራጩ በ59 በመቶ አጸደቀው። በማግስቱ ክስ ተከፈተ። ማሪያና ፌልዘር የተባሉ የፌደራል ዳኛ አብዛኛውን ክፍል አገዱት፤ ኢሚግሬሽን የፌደራል መንግሥት ሥራ ነው ብለው በኋላ ሻሩት። በ1999 አዲሱ አገረ ገዥ ግሬይ ዴቪስ ይግባኙን ተዉት። ያ ሁሉ ፊርማ፣ ያ ሁሉ ሩጫ፣ የሕጉ ዋና ዋና ክፍሎች አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ።

ሴትዮዋ ግን አልቆመችም። በ1998 ከአሪዞና ሲገባ ብላይዝ አጠገብ ካሊፎርኒያን «የሕገ ወጥ ስደት ግዛት» እያለ መንገደኛውን እንኳን ደህና መጣህ የሚል ትልቅ ሰሌዳ አሰቀለች። እናቃጥለዋለን ያለ ሰው መጣና ሰሌዳው ወረደ። ወረቀት ለሌላቸው መንጃ ፈቃድ እንዳይሰጥ ብላም ዓመታት ታገለች። በ2013 ሞተች። በዚያው ዓመት የያኔው አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን ወረቀት ለሌላቸው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን ሕግ ፈረሙ። ስለ ስደተኞች የተናገረቻቸውን አንዳንድ ቃላት እዚህ አልጽፋቸውም፤ ማስታወሻዬን አያቆሽሹብኝ።

ጋሼ ያንን ዘመን ያስታውሳሉ። በ1994 ኦክቶበር አንድ እሑድ ረቂቁን የሚቃወም ወደ ሰባ ሺህ ሰው መሃል ከተማ ወጥቶ መንገዱ ተዘግቶባቸው፣ ታክሲያቸውን አቁመው ከሰልፈኛው ብርቱካን ገዝተው ሲበሉ እንደዋሉ ነገሩኝ። ተማሪዎቹ ክፍል ጥለው ሲወጡ ፌርፋክስ መንገድ ላይ እንዳዩዋቸው ነገሩኝ። ያኔ መንገዱ ትንሿ ኢትዮጵያ አልተባለም፤ ስሙ የወጣው በ2002 ነው። ምግብ ቤቶቹ ግን ነበሩ።

ከዚያ «ጋሼ፣ እርስዎስ ያኔ ምን መረጡ?» አልኳቸው። ዜግነት ከወሰዱ ቆይተዋል።

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እኛ ሱዳን ካምፕ ሁለት ዓመት ተቀምጠን፣ ተራችንን ጠብቀን ነው የመጣነው» አሉ። ቀጥለውም «እሱን ተይው እስኪ፣ እማዬ ደህና ናት?» አሉ።

በዚያ ምርጫ ከጥቁርና ከእስያ መራጮች ግማሽ የሚጠጋው ደግፎት እንደነበር በኋላ አነበብኩ። የላቲን አሜሪካ ዘር ያለው መራጭም ቢሆን ከአራቱ አንዱ ያህል። ጋሼን አልጠየቅኳቸውም። ተይው ካሉ ተውኩት።

ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? የዲቪ ምዝገባ የጀመረው በዚያው በ1994 ነው። ካሊፎርኒያ በሩን ልዝጋ ስትል ዋሽንግተን ዕጣ ታወጣ ነበር። አጎቴ ያኔ በፖስታ ሲልክ፣ ቴምብሩን በምራቁ ሲለጥፍ አስታውሳለሁ። አልደረሰውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ለእኔ ደረሰኝ። ምን ሠርቼ? ስሜን በትክክል ጻፍኩ፣ ፎቶ ተነሣሁ። ይኸው ነው «በሕግ መጣሁ» የምለው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከብራዚል ጀምሮ ጫካውን በእግሩ አቋርጦ በሜክሲኮዋ ቲዋና በኩል ነው የገባው። ባለፈው ገና እራት ላይ አንዱ ባለዲቪ «እናንተ አጥር ዘላዮች» ብሎ ቀለደበት። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ድፎ ዳቦውን እንዲቆርስ ቢላዋውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ያኔ አላስተዋልኩትም። አሁን ሳስበው ነው።

ያኔ እዚህ ብኖር እፈርም ነበር? አልፈርምም ልል ነበር። ግን ባለፈው ወር ሱፐርማርኬት በር ላይ አንድ ወጣት ወረቀት ዘርግቶ «ስለ ቤት ኪራይ ነው» ሲለኝ፣ አይስክሬሙ እንዳይቀልጥብኝ ሳላነብ ፈርሜለታለሁ። ስለ ቤት ኪራይ ይሁን፣ ስለ ምን ይሁን፣ እግዜር ይወቅ።

አሁን እማዬ ከወጥ ቤት «ያንን ወረቀት መለስሽላቸው?» ብላ ጮኸች። የቱን ወረቀት? ለካ ሐሙስ ዕለት ሠራተኛዋ ፎርም ሰጥታናለች፤ በዐሥር ቀን ሞልታችሁ መልሱ ብላ። መኪናው ውስጥ ነው። ወንበሩ ሥር ሳይገባ አልቀረም። ያ ሁሉ ወረፋ የተጠበቀው ለእሱ ነበር።

«ነገ» አልኳት።

«ቡና ላፍላልሽ?» አለች።