በዌልስ ተራሮች መካከል ትንሿን ባቡር እንዴት ፎቶ እንዳነሳኋት

ባቡር ፎቶ ለማንሳት የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ባቡሩን ሲያሳድድ ይውላል። በመኪና ይቀድመዋል፣ ወርዶ ያነሳል፣ ደግሞ ይሮጣል። በሰሜን ዌልስ ያለችው የፌስቲኒዮግ ባቡር ግን ለሩጫ አትመችም። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ መኪና አይገባበትም። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ቦታውን እመርጣለሁ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አያለሁ፣ ከዚያ ቴርሞሴን ከፍቼ ቁጭ እላለሁ። ባቡሯ የትም አትሄድም። የሰዓት ሰሌዳ አላት፣ ሐዲዷም አንድ ነው።

ስለ ባቡሯ ጥቂት ልበል፤ ሳያውቋት ማንሳት ይከብዳል። መስመሩ የተከፈተው በ1836 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ከምትባለው ተራራማ ከተማ ለቤት ጣሪያ የሚሆነውን፣ በስሱ የሚሰነጠቀውን ግራጫ ድንጋይ ወደ ፖርትማዶግ ወደብ ለማውረድ ተሠራ። ርዝመቱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 597 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የድሬዳዋው አሮጌ ሐዲድ 1 ሜትር ነበር፤ እሱን ጠባብ ስንል የኖርን ሰዎች እዚህ ስንመጣ መገረማችን አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጫኑት ፉርጎዎች ቁልቁለቱን በራሳቸው ክብደት ይወርዱ ነበር። ፈረሱም ለእሱ በተዘጋጀ ፉርጎ ተሳፍሮ አብሮ ይወርዳል፤ ባዶዎቹን ሽቅብ የሚጎትተው እሱ ነዋ! የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የመጣው በ1863 ነው። መስመሩ በ1946 ተዘጋ፤ በ1955 ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ከወደቡ በኩል ጀምረው ቀስ በቀስ መልሰው ከፈቱት።

ከዚህ ሁሉ ለፎቶ አንሺ በጣም የሚጠቅመው ቁልቁለቱ ነው። ድንጋዩ በራሱ ክብደት የሚወርድበት መንገድ ለሚወጣው ሎኮሞቲቭ ላብ የሚያስጠምቅ ነው። ከፖርትማዶግ ወደ ላይ ስትወጣ እያለከለከች፣ ጢስና እንፋሎቷን ወደ ሰማይ እየተፋች ነው። ስትወርድ ግን ዝም ብላ ትንሸራተታለች፤ ከጭስ ማውጫዋ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ባለ አንድ አፍንጫ ሎኮሞቲቮቹ የሚቆሙት ፊታቸውን ወደ ሽቅቡ አዙረው ነው። ስለዚህ የምቆጥበው ባትሪም ሆነ የምመርጠው ቦታ ለሽቅቡ ባቡር ነው። የሚወርደውን ለመለማመጃ እጠቀምበታለሁ።

ከሎኮሞቲቮቹ ሁሉ ልዩ የሆኑት ድርብ ፌርሊ የሚባሉት ናቸው። በሁለቱም ጫፍ ጭስ ማውጫ አላቸው፤ የኋላውን ከፊቱ መለየት ያስቸግራል። መርዲን ኤምሪስ የሚባለው በ1879 እዚያው በመስመሩ ወርክሾፕ፣ በቦስተን ሎጅ ተሠራ። ጣቢያ ላይ ሲቆም ጠጋ ብዬ ክፍሉን አየሁት። ምድጃው መሐል ለመሐል ያልፋል፤ ሾፌሩ በአንድ ጎን፣ ከሰል የሚጨምረው ደግሞ በሌላው ጎን ነው። ሁለቱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ እሳት መሐላቸው አድርገው ነው የሚሠሩት። ከሰል የሚጨምረው ወጣት አካፋውን በጎን በኩል በጠባቧ ቦታ ሲያዞር ክርኑ ግድግዳውን አይነካም። ያንን በሰፊ ሌንስ፣ በ1/60 ሰከንድ የሸተር ፍጥነት አነሳሁ። የእጁ ብዥታ ፎቶውን አሳመረው እንጂ አላበላሸውም።

አየሩስ? ብዙ ሰው ፀሐያማ የበጋ ቀን ይጠብቃል። ለእንፋሎት ግን ሞቃት ቀን ጠላት ነው፤ ከጭስ ማውጫው እንደወጣ ይጠፋል። ብርድና እርጥበት ሲኖር ነው ነጭ ደመና ሆኖ የሚቆየው። ስለዚህ የጠዋቱን የመጀመሪያ ባቡር፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት፣ አላሳልፍም። ነፋሱንም አያለሁ። እንፋሎቱ ወደ እኔ የሚነፍስ ከሆነ ባቡሯን ይሸፍንብኛል፤ ከጀርባዬ የሚነፍስበትን ጎን እመርጣለሁ።

ከወደቡ ልጀምር። ፖርትማዶግ ላይ ባቡሯ ኮብ በሚባለው ረጅም ግድብ ላይ ታልፋለች። በ1811 የተጠናቀቀ ነው፤ አንድ ማይል ያህል ይሆናል። ከወደቡ ማዶ ሆኜ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ስትሆን፣ ግድቡን ከጎን አነሳዋለሁ። ከኋላው እንደ ጦር የሾለው ክኒኽትና የሞይልዊን ተራሮች ይሰለፋሉ። እዚህ ቦታ ላይ ቴሌ ሌንስ (የሩቁን የሚያቀርበውን) አውጥቶ ባቡሯን ፍሬም ሙሉ ማድረግ ብዙም አይታየኝም። ከተራራው ሥር አንዲት ቀጭን መስመርና አንድ ነጭ ጢስ ሆና ስትታይ ነው ትንሽነቷ የሚገባው።

መሐል መንገድ ላይ ታን ኧ ቡልኽ አለ። ጣቢያው ከሊን ማየር ሐይቅ በላይ፣ በባሉጥ ጫካ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ወደ ወርቅማ ሲለወጥ እዚያ መቆም ነው። ጫካው ግን ጨለማ ነው፤ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ እስከ 1600 ድረስ ከፍ አድርጌ በ1/250 ሠርቻለሁ። ባቡሯ እዚህ በፍጥነት አትበርም፤ መስመሩ ላይ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ሲኖር 1/500 ከበቂ በላይ ነው።

እኔ የወደድኩት ዲያልት የሚባለውን ጣቢያ ነው። ወደዚያ መኪና አይገባም፤ በባቡር ወይም በእግር ነው። ሐዲዱ እዚህ ጋ ኮረብታውን ዞሮ በራሱ ላይ ያልፋል፤ የታችኛውን ሐዲድ በድልድይ ይሻገራል። በብሪታንያ ሕዝብ የሚያጓጉዝ እንዲህ ያለ ዙር ሌላ የለም። ምክንያቱ ውሃ ነው። በ1963 የተከፈተው የኃይል ማመንጫ ሐይቅ አሮጌውን መስመር አጠለቀው። በጎ ፈቃደኞቹ ከ1965 ጀምረው በአካፋና በድማሚት አዲስ መንገድ ቆፈሩ፤ ከሐይቁ በላይ ለመውጣት ከፍታ ስለሚያስፈልግ ሐዲዱን ጠመዘዙት። ብላይናይ የደረሱት በ1982 ነው። አቦ፣ ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው!

ለእንዲህ ያለ ቦታ ከፍ ብሎ መቆም ይጠይቃል። በሕዝብ የእግር መንገድ ወጥቼ ኮረብታው ላይ ተቀመጥኩ። ድምጿ ከመታየቷ ብዙ ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከጫካው ውስጥ ያፏጫል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ፎከሱን አስቀድሜ ድልድዩ ላይ በእጅ ቆልፌዋለሁ። መጀመሪያ ከታች ታልፋለች፤ ያን ጊዜ ማንሳት ደስ ይላል፣ ግን ካርዱን እዚያው መጨረስ አያስፈልግም። ጥቂት ቆይታ ዙሩን ጨርሳ ከላይ ስትመጣ የቀደመው ጢሷ ገና ከታች ተንሳፍፎ ነበር። ሁለቱን በአንድ ፍሬም አገኘኋቸው።

ብላይናይ ስትደርሱ ዝናብ ቢይዛችሁ አትከፉ። ከተማዋን የከበበው የድንጋይ ክምር ነው፤ ስኖዶኒያ ብሔራዊ ፓርክ በ1951 ሲከለል ከተማዋን ዙሪያዋን አልፎ ትቷት ሄዷል። በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ የዚህን አካባቢ የድንጋይ ሥራ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ድንጋዩ ሲደርቅ አመድ ይመስላል፤ ሲርስ ሐምራዊና ሰማያዊ ያወጣል፣ ያበራል። አጥሩ ሳይቀር ከቆሙ ቀጫጭን የድንጋይ ሰሌዳዎች በሽቦ የታሰረ ነው። ለሌንሱ ኮፍያና ደረቅ ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይኑራችሁ። ጣቢያው ላይ ትልቁና ትንሹ ሐዲድ ጎን ለጎን ናቸው፤ 1435 ሚሊ ሜትር ከ597 አጠገብ። ከላንዲድኖ መገናኛ የሚመጣው መደበኛ ባቡር እዚህ ስለሚቆም መኪና የሌለው ሰው በዚህ ቢገባ ይቀለዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ የምለው ሐዲድ ውስጥ መግባት ክልክል መሆኑን ነው፤ ለፎቶ ብሎ ነገር የለም። የእርሻ በር ከፍታችሁ ከገባችሁ መልሳችሁ ዝጉ፤ በጎች ወጥተው ሐዲድ ላይ ይተኛሉ።

ኮምፒውተር ላይ የምሠራው ጥቂት ነው። ሎኮሞቲቩ ጥቁር፣ እንፋሎቱ ነጭ ስለሆነ ሳነሳ ጀምሮ ትንሽ አጨልሜ፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ነው የማነሳው። የነጣው እንፋሎት አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም፤ ጥላው ግን በኋላ ይከፈታል። የዌልስ አረንጓዴ ስክሪን ላይ ከልክ በላይ ስለሚጮህ ቀነስ አደርገዋለሁ። የብላይናይን ፎቶዎች አብዛኛውን በጥቁርና ነጭ አወጣለሁ። ባለቀለም ፉርጎ ፍሬሙ ውስጥ ካለ ግን ቀለሙን እተውለታለሁ።